ልቆይ ወይስ ልልቀቅ? ከድልድሉ በፊት ያሰላሁት ሒሳብ

«አንቺ ግን ለምን አልለቀቅሽም?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ እንደ እኔው የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ጥያቄው በእኔ በኩል አድርጎ ወደ ራሳቸው የሚሄድ ነው። ስለዚህ እንዴት እንዳሰላሁት ልጻፈው። መልሴ ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ሒሳቡ ግን ይጠቅማችኋል።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በአንድ የክልል ቢሮ የዕቅድና በጀት ባለሙያ ነኝ። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ ታሪኩም የብዙ ቢሮ ነው። ዕድሜዬ 41 ነው። በመንግሥት ሥራ 16 ዓመት ቆይቻለሁ። ባለቤቴ ትንሽ ኮፒ ቤት አለው። ሁለት ልጆች አሉን፤ የምንኖረው በኪራይ ነው።

በመሥሪያ ቤቶቻችን የመጣው የበጀትና የሠራተኛ ቅነሳ በአንድ ጊዜ ዱብ ያለ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የቀረው የመስክ ሥራ ነው። በ2015 መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ሲነሳ መንገድ ተዘጋ፣ ወደ ወረዳ መውጣትም ቀረ። መስክ ከሌለ ውሎ አበል የለም። ደመወዝ ያላደረሰውን ወር የሚያደርሰው አበል እንደነበር የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥሎ ቅጥር ቆመ። አንድ ሰው ሲለቅ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል፣ ሥራው ግን ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ይሻገራል። ከዚያ ወረቀትና ቶነር በቁጥር ሆነ። በጥር 2017 ደግሞ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም፣ በዕርዳታ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ የኮንትራት ሠራተኞች ወጡ። ጤና ሚኒስቴር ብቻውን 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውላቸው መቋረጡን ያሳወቀው ያኔ ነው። በመጨረሻ «አዲስ መዋቅር እየመጣ ነው» ተባለ። መዋቅር ሲባል እኛ የምንሰማው ድልድል ነው።

ድልድልን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ዳይሬክቶሬቶች ይዋሃዳሉ፤ አንዳንድ መደቦች ይታጠፋሉ። ሠራተኛው እንደ አዲስ ቅጽ ሞልቶ፣ ምርጫውን ጽፎ፣ ቀድሞ በሚያውቀው ወንበር ላይ ይወዳደራል። ነጥቡ ከትምህርት ዝግጅት፣ ከሥራ ልምድ፣ ከአፈጻጸም ውጤትና ከማህደር ይመጣል። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ስሙን ያጣ ሰው «ተንሳፋፊ» ይባላል። ደመወዙን እየበላ፣ ወንበር ሳይኖረው፣ ሌላ ቦታ እስኪፈለግለት ይጠብቃል። ብዙ ሰው የሚሸሸው ሥራ ማጣቱን ሳይሆን ይህን ስም ነው።

የወሬው ወቅት ከድልድሉ ይከፋል። ሻይ ቤት የማይሰማ ጉድ የለም። አንዱ «ግማሹ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው» ይላል። ሌላው «ከላይ ሰው ነግሮኛል፣ አርባ በመቶ ነው» ይላል። ከላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በዚያ ሰሞን ገና ምንም ወረቀት ሳይወጣ መልቀቂያ ያስገቡ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። «ሳያባርሩኝ በክብሬ ልውጣ» ነው ነገሩ። ስሜቱ ይገባኛል። እኔም ደብዳቤው ተጽፎ ባለቤቴ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ያቆመኝ ፍርሃት አይደለም። አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ሕጉ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀንና መደቡ ተሰርዞ የተሰናበተን ሰው በአንድ ዓይን አያይም። መደቡ የታጠፈበትን ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ በቅድሚያ በተመሳሳይ ደረጃ ሌላ ቦታ ማዛወር አለበት። ቦታ ከጠፋና ከተሰናበተ የስንብት ክፍያ የሚያገኝበት አግባብ አለ። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ግን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ዕቃ አስረክቦ ይሄዳል። በቃ። «በክብሬ ልውጣ» ያሉት ሰዎች በክብር ወጥተዋል፤ ግን ምናልባት ሊያገኙት ይችሉ የነበረውን ትተው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። ወሬ ሰምታችሁ አትልቀቁ። ወረቀት እስኪወጣ ጠብቁ። የምትጠብቁበትን ጊዜ ግን አታባክኑት።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መዝገብ ቤት ነው። የእኛ መዝገብ ቤት ምድር ቤት ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ማህደሮቹ በብረት መደርደሪያ ላይ በገመድ ታስረው ይቀመጣሉ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ እናት ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ማህደሬን አውጥተው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ልጄ፣ አንቺ እስካሁን የት ነበርሽ? ሰው እኮ ወር ሙሉ ሲመላለስ ነው የከረመው» አሉኝ። ገጽ በገጽ አየነው። የማስተርስ ዲግሪዬ ቅጂ አለ፣ ግን የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጫው ደብዳቤ የለም። የሁለት መንፈቅ የአፈጻጸም ውጤት የለም። በሌላ ቢሮ የሠራሁበት ዘመን የልምድ ደብዳቤ አለ፤ የጡረታ መዋጮ የተቆረጠበት መሆኑን የሚገልጽ መስመር ግን የለበትም። የጎደለውን ለማሟላት ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ነበረብኝ። አንዱ ቢሮ ስሙ ተቀይሯል፤ አንዱ ከሌላ ጋር ተዋህዷል። ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ነይ፣ ከሰዓት ነይ። ታውቁታላችሁ።

ማህደር የማሟላቱን ሥራ የምትለቁም ሥሩት፤ እንዲያውም እናንተ አስቀድሙ። ከለቀቃችሁ በኋላ የጎደለ ወረቀት ማስሞላት እጥፍ ይከብዳል። ውስጥ ያለ ሰው ሲጠይቅ «ቆይ እንፈልግልሽ» ይባላል። የወጣ ሰው ሲጠይቅ «ክሊራንስሽን አምጪ» ነው መልሱ፤ ከዕዳና ከንብረት ነጻ መሆንሽን የሚገልጸውን ወረቀት ማለት ነው።

ቀጥሎ ጡረታውን አሰላሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በግምት ነው የሚያወራው። አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ግልጽ ነው። ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። 60 ዓመት ሞልቶት የሚወጣ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ዕድሜ ልኩን አበል ያገኛል። አበሉ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው። ከ10 ዓመት በላይ ለተገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይደመርበታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

በእኔ እንየው። እስከ 60 ብቆይ 35 ዓመት እሞላለሁ። 30 ላይ 25 ጊዜ 1.25 ሲደመር 61.25 በመቶ ይሆናል። ዛሬ በቆረጥኩት ብሄድስ? 16 ዓመት አለኝ፤ ይህ 37.5 በመቶ ነው። ግን ያ 10 ዓመት በዕድሜ ጣሪያ ለሚወጣ ሰው የተቀመጠ ነው። በራሱ ጊዜ ለሚለቅ ሕጉ ረዘም ያለ አገልግሎት ይጠይቃል። የእኔ 16 ዓመት ከሁለቱ መሃል ያለ፣ ለመልቀቅ የማይመች ቦታ ላይ ነው። ይህን ሳውቅ ነው ደብዳቤውን ያጠፋሁት።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ወደ ግል ድርጅት ብትሄዱና ድርጅቱ ጡረታ የሚከፍል ከሆነ የመንግሥት አገልግሎታችሁ አይጠፋም፣ ይያያዛል። እዚያም መቁረጡ ያው 7 እና 11 በመቶ ነው። ስለዚህ የግል ቀጣሪ ስታናግሩ «ስንት ትከፍለኛለህ?» ብቻ ብላችሁ አትውጡ። «ጡረታ ታስገባለህ ወይ?» በሉ። ፊቱን ስታዩ መልሱን ታገኙታላችሁ።

የሒሳቡን ሌላ ገጽ ያሳየኝ የቀድሞ የሥራ ሂደት አስተባባሪያችን ነው። ጋሼ ነው የምንለው፣ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። አንድ ቅዳሜ ጣና ዳር ዓሣ ቤት ተገናኘን። የተጠበሰ ቆሮሶ መጣልን። ጋሼ እሾሁን እየለቀመ ለብቻው ሳህን ጠርዝ ላይ ይደረድራል። የጡረታው አበል ለምን ለምን እንደሚውል በጣቱ ቆጠረልኝ። ኪራይ የለበትም፤ ቤቱን የሠራው በማህበር በተሰጠው ቦታ ላይ ነው። «ቤት ባይኖረኝ ኖሮ ይሄ ጡረታ የአንድ ሳምንት ነገር ነበር» አለኝ። ከዚያ ዝም አለና «አንቺ ጡረታውን ትተሽ ቤቱን አስቢ» አለ። የቤት ማህበር ውስጥ ስሜ አለ። ቦታው መቼ እንደሚሰጠን ግን የሚያውቅ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጡረታዬ» ስል «ከእነ ኪራዩ» እያልኩ ነው የማስበው። 61.25 በመቶው ያን ያህል ትልቅ መስሎ አይታየኝም።

ስለ ደመወዝም ሳልዋሽ ልናገር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል። ጥሩ ነው። ከ11,500 ላይ ግብርና ጡረታ ሲነሳ እጅ ላይ የሚቀረው ግን 8,595 ብር ነው። ዘይት፣ ጤፍ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ኪራይ እያላችሁ ቀንሱት። ጭማሪው ሳይወጣ ገበያው ነበር የሰማው። ቢሆንም አንድ ነገር ተቀይሯል። ድሮ «የመንግሥት ደመወዝ ምን ይሠራል» እያልን የምናማርርበት ልዩነት ባሕር ዳር ካሉ ብዙ የግል ቅጥሮች ጋር ጠቧል። አዲስ አበባ ሌላ ነው። የአዲስ አበባን ደመወዝ የሚያወራ ሰው የአዲስ አበባን ኪራይም አብሮ ያውራ።

ውጭ ያለውን ነገር ለማየት የዓመት እረፍቴን ተጠቀምኩበት። ያልተወሰደ ዕረፍት ነበረኝ። ወሰድኩና ባለቤቴ ኮፒ ቤት ገባሁ። ጠዋት ከፍቼ ማታ ዘጋሁ። ገቢና ወጪውን እንደ ቢሮ በጀት በየቀኑ መዘገብኩት። ያየሁት ያልጠበቅኩት ነገር ነው። የባለቤቴ ደንበኛ ማነው? የእኛው ሠራተኛ ነው። የድልድል ቅጽ የሚያስጽፍ፣ ማስረጃ ኮፒ የሚያደርግ፣ የጨረታ ሰነድ የሚያስጠርዝ። ቢሮዎች ሲያስሉ ኮፒ ቤቱ ጉንፋን ይይዘዋል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜም ያንን ሰፈር አውቀዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆመን ባጃጅ ስናይ ነበር የምንውለው። የኮፒ ቤቱ ገቢና የእኔ ደመወዝ ሁለት የተለያዩ ምንጮች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ናቸው። እኔ ለቅቄ እዚያው ብገባ ቤተሰቡን ሙሉ በአንድ እግር ማቆም ነው።

ይህንን ሁሉም ሰው ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ዕረፍታችሁን ውሰዱና ልትገቡበት ያሰባችሁትን ሥራ ሥሩት። ዓሣ ንግድም ይሁን፣ ግል ኮሌጅ ማስተማርም ይሁን፣ እርሻም ይሁን። በሐሳብ ያለ ሥራ ሁሌም ያተርፋል።

ኤንጂኦ የሚለው ሕልምም ከድሮው ቀዝቅዟል። ከእኛ ክፍል ቀደም ብላ ወደ አንድ ፕሮጀክት የሄደች ጓደኛዬ ነበረች። ደመወዟ ከእኛ እጥፍ በላይ ነበር፣ እኛም እንቀናባት ነበር፣ አልደብቅም። የ2017ቱ የዕርዳታ መቋረጥ ሲመጣ ውሏ ተቋረጠ። አሁን የትኛውንም ማስታወቂያ ታመለክታለች። «ሄጄ አልጸጸትም፣ ያጠራቀምኩት ነገር አለ» ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ስትሄድ ፕሮጀክት የሚያልቅበት ቀን እንዳለው ታውቅ ነበር፤ ከቀኑ በፊት ያልቃል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

ስለ ዋስትና ካልተናገርኩ ይህ ጽሑፍ ጎዶሎ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የአንድ ሰው ዋስ ሳትሆኑ አትቀሩም። ለዘመድ ቅጥር፣ ለጓደኛ ብድር፣ ለጎረቤት ልጅ። ደብዳቤው የሚጻፈው በደመወዛችሁ ላይ ነው። ልትለቁ ስትሉ ያ ደብዳቤ ከየትም ብቅ ይላል። ባልደረባችን አንዱ ክሊራንስ ሊጨርስ አንድ ፊርማ ሲቀረው ለአጎቱ ልጅ ዋስ መሆኑ ተነሳ። ሌላ ዋስ እስኪተካ ድረስ አዲሱ ቀጣሪው አልጠበቀውም። የቁጠባና ብድር ማህበር ብድርም እንዲሁ ነው፤ ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚከፈል ብድር ደመወዙ ሲቆም የሚሆነውን ውላችሁን አንብቡ። መንግሥት ከፍሎ ያስተማራችሁም ከሆነ የግዴታ አገልግሎት ውል ፈርማችኋል። ስንት ዓመት እንደቀራችሁ አጣሩ። ዕዳው በብር ሊመጣ ይችላል።

እና ወሰንኩ፤ እቆያለሁ። ባለቤቴ «እርግጠኛ ነሽ? በኋላ በእኔ እንዳታመካኚ» አለኝ። ለእሱም ለራሴም ሦስት የምወጣባቸውን ምክንያቶች ጻፍኩ። ሁለት ወር ተከታታይ ደመወዝ ካልገባ፤ ከደረጃዬ ዝቅ ብዬ ከተመደብኩና ቅሬታዬ ካልተሰማ፤ ወይም ጡረታ የሚከፍል የግል ቀጣሪ አሁን ከማገኘው በግማሽ የሚበልጥ ካቀረበልኝ። ከሦስቱ አንዱ ከመጣ ክርክር የለም። የጻፍኩት ለምን መሰላችሁ? ቢሮ ውስጥ የተናደደ ሰው ጠዋት ሊለቅ ወስኖ ከሰዓት በኋላ ሐሳቡን ይቀይራል። ወረቀት ግን አይናደድም።

መቆየትም ዋጋ ያስከፍላል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሰው አሳሳትኩ ማለት ነው። በድልድሉ ስሜ ሰሌዳ ላይ ወጣ፤ ደረጃዬ ያው ነው፣ ክፍሌ ግን ሌላ ነው። ድሮ በአራት ሰው የሚሠራ ሪፖርት አሁን በሁለት ነው። አለቃዬ የሚያወራው ስለ ዕቅድ ነው፣ ሰው ስለማነሱ ቃል አይተነፍስም። ሩብ ዓመት ሲዘጋ ማታ ሥራ ይዤ እገባለሁ። ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ። ስሙ ያልወጣለት አንድ ጎልማሳ ባልደረባችን ሰሌዳው ሥር ቆሞ ዝርዝሩን ሁለት ሦስቴ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ፎቶው ላይ ስሙ ይመጣ ይመስል። ቅሬታ የማቅረቢያው ቀን አጭር ስለነበር እዚያው ይዘነው ሄድን፣ ቅጹን አብረን ሞላን። ማህደሩ ውስጥ ያልተያያዘ የልምድ ደብዳቤ ነበረው። በኋላ ተመደበ። ቅሬታ ማቅረብን እንደ ሽንፈት የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ተንሳፋፊ ሆኖ ከመቀመጥ ግን ይሻላል።

ልቀቁ የምላቸው ሰዎችም አሉ። አምስት ዓመት ያልሞላችሁ ወጣቶች፣ በተለይ ሙያችሁ በየትም የሚፈለግ ከሆነ፣ ጡረታ ብላችሁ አትታሰሩ። ከእኛ ቢሮ የአይቲ ልጁ ለቀቀ፤ ደግ አደረገ። ከቤቱ ሆኖ ለአዲስ አበባ ድርጅት ይሠራል፣ ጡረታም ይገባለታል። ጤናው እየተጎዳ የሚቆይም ሰው አለ። ደም ግፊቱ ወረዳ ሳይደርስ ዞን የደረሰ ባልደረባ አለን፤ ለእሱ 1.25 በመቶ መቁጠር ሞኝነት ነው። ለ50ዎቹ መጨረሻ ለደረሳችሁ ደግሞ ብዙም የምለው የለኝም፤ ማህደራችሁን አስተካክሉና ጨርሱት።

እኔና ባለቤቴ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ፣ ደብተሩን አውጥተን እንደገና እናሰላለን። የኪራዩን፣ የኮፒ ቤቱን፣ የቤት ማህበሩን ጉዳይ። ዘንድሮ አንድ መስመር ጨምረንበታል፤ ከእኔ ደመወዝ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተነሳ ባለቤቴ የባነርና የቲሸርት ማተሚያ ማሽን ሊገዛ ነው። የቢሮ ደንበኛ ቢቀር የሠርግና የምረቃ ደንበኛ አለ።